የአራስ ገንፎ ለብቻ አይበላም

አብሽ ከሰው አይለቅም። ልብስ ላይ ካረፈ በእጥበት አይወጣም፤ የጠጣው ሰው ደግሞ ላቡ ሳይቀር አብሽ አብሽ ይላል። በቅርቡ ከደሴ ወደ መካነ ሰላም ስሄድ፣ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ጭናቸው ላይ በፌስታል ቋጥረው የያዙት የአብሽ ዱቄት ነበር። ገና ከከተማው ሳንወጣ ረዳቱ አፍንጫውን ይዞ፣ "ኧረ ይሄ ነገር ምንድነው?" አለ። ሴትዮዋ መች ዝም ሊሉ! "ልጄ ወልዳልኝ ላርሳት እየሄድኩ ነው። አንተስ በምን ያደግህ መሰለህ፣ በቤንዚን?" አሉት። መኪናው ሙሉ ሳቀ። እኔም ስቄያለሁ። ከዚያ በኋላ ግን ጨዋታው አልጥም አለኝና ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ የነበረው ክረምት ትዝ ብሎኝ ነው።

በዚያ ክረምት፣ ሐምሌ ሊያልቅ ሲል፣ እናቴ ወንድሜን ወለደች። ጤና ጣቢያ ወልዳ በማግስቱ ወደ ቤት ስትመለስ መንገዱ ጭቃ ስለነበረ የሰፈሩ ወንዶች በቃሬዛ ተሸክመው አመጧት። ቃሬዛው የቅሬው ነው። ቅሬ የምንለው ሌላው አገር እድር የሚለውን ነው፤ እኛ ሰፈር እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ነው የሚረዳዳው። እኔ ያንን ቃሬዛ የማውቀው ሬሳ ሲወጣበት ብቻ ነበር። እናቴን በሱ ተሸክመው በጉም መሀል ሲመጡ ሳይ እሪ ብዬ ደረቴን መታሁ። ጎረቤታችን እማማ ሙሚና ሮጠው መጥተው አፌን በሻሻቸው አፈኑኝ። "ዝም በይ አንቺ! ሟርተኛ! ሰው ወደ ቤቱ የሚመለስበትም ይሄው ቃሬዛ ነው" አሉኝ።

የአባቴ ታላቅ እህት እቴቴ የሺ፣ ጭቃው መኪና አያሳልፍም ብላ፣ ከከላላ በበቅሎ መጣች። እናቴን ልታርስ ነው። በቅሎዋ ላይ የሌለ ነገር አልነበረም፤ የገብስ ዱቄት፣ የአጃ ዱቄት፣ አብሽ፣ ተልባ፣ ማር በቅል። ቤቱን በአንድ ቀን ገለበጠችው። አባቴን ከምድጃው ዳር አባረረችው፤ ጤና አዳም ከአጥር ቆርጣ በበሩ ላይ ሰካች፤ እኔን ደግሞ "ትርንጎ፣ ካሁን ጀምሮ አብሹ ያንቺ ነው" አለችኝ።

አብሽ ሥራ ነው። ዱቄቱ ማታ በውሃ ይዘፈዘፋል። ጠዋት ላይ ያቀረረው ውሃ ይደፋና ሌላ ይጨመርበታል፤ እሱም ይደፋል። "ምሬቱ ይውጣ፣ ምሬቱ ይውጣ" ትለኛለች እቴቴ ከወዲያ ሆና። ምሬቱ ሲወጣ በሹካ መምታት ነው። ክንዴ እስኪዝል እመታዋለሁ፤ ቢጫ የነበረው እየነጣ፣ እየነጣ ይሄድና ኩፍ ይላል። ከዚያ ማር ይገባበትና ለእናቴ ይሰጣል። እኔ ግን ያ የደፋሁት ምሬት የት እንደሚሄድ ያሳስበኝ ነበር። በጓሮ በኩል የደፋሁበት ቦታ ላይ ዶሮ ስትጭር ካየሁ በድንጋይ አባርራለሁ፤ እንቁላሏ መራራ እንዳይሆን ብዬ ነው። እቴቴ "ይቺ ልጅ ዶሮዎቹን ምን አድርጉ ነው የምትላቸው?" እያለች ትቆጣኝ ነበር።

ይህ ሁሉ አብሽ እየተመታ፣ ይህ ሁሉ አጥሚት እየተፈላ፣ እናቴ ግን አትበላም። አንድ ጊዜ ትጎርሳለች፣ ታላምጣለች፣ "አልዋጥ አለኝ" ትልና ትተወዋለች። ከእኔ ቀጥላ የተወለደችው እህቴ ገና ጡት ሳትጥል ነው የሞተችው። እናቴ ይሄኛውን ልጅ ፊቱን አታየውም ነበር። ታጠባዋለች፣ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነው። እኔ እንቅልፏ የመጣ ነበር የሚመስለኝ። "እማዬ፣ ተኚ እንጂ" እላታለሁ። አሁን ሳስበው አንጀቴን ይበላኛል። ልጁ እንደ እህቱ እንዳይሄድባት ፈርታ፣ ላለመልመድ ነበር የምትታገለው።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በቦት ጫማዋ ጭቃውን እያቦካች መጣች። ሕፃኑን በዚያ በሚንጠለጠለው ሚዛን መዘነችው። እኔ ሳየው የሥጋ ቤት ሚዛን መስሎኝ ወጥቼ ልሮጥ ምንም አልቀረኝም። ልጅቷ ፊቷ አልፈታም።

"አልጨመረም" አለች። "ውሃም ቅቤም እንዳታቀምሱት፤ የእናቱ ጡት ብቻ። ቶሎ ቶሎ ታጥባው። ግን እሷ ካልበላች ካልጠጣች አቅሙን ከየት ታመጣዋለች?"

"እኔስ ምን ቀረኝ?" አለች እቴቴ። "አጃውን አልኩ፣ ተልባውን አልኩ። በጉልበት አፏን ልፈልቅቅ?"

"አይ፣ የሠሩትስ ሁሉ ጥሩ ነው፤ ብቻ ይግባላት። በሳምንት እመለሳለሁ። ያኔም ካልጨመረ ሁለቱንም ጤና ጣቢያ እንወስዳቸዋለን።"

እቴቴ ልጅቷን እስከ አጥሩ ሸኝታት ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ጭስ ነው አለችኝ። ምድጃው ግን ጠፍቶ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። እኛ አገር የአራስ ገንፎ ለብቻ አይበላም። ጠያቂ ሴቶች ይመጣሉ፤ ገንፎው በትልቅ ሳህን፣ መሀሉ ተጎድጉዶ ቅቤ ተሞልቶ ይቀርባል፤ ዙሪያውን ከበው ይበሉታል። ያወራሉ፣ ባሎቻቸውን ያማሉ፣ ይሳሳቃሉ። አራሷም በጨዋታው መሀል ሳይታወቃት ትጠግባለች። ወጉ ይሄ ነው። በዚያ ዓመት ግን ፍልሰታና ረመዳን አንድ ላይ ገጠሙ። አራስ ጾም የለባትም። የሚጠይቋት ሁሉ ግን ጾመኛ ናቸው። ክርስቲያኖቹ ቅቤ አይነኩም፤ እስላሞቹ ፀሐይ ሳትጠልቅ ውሃም አይቀምሱ። ይመጣሉ፣ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ይላሉ፣ "እንኳን አሏህ ገላገለሽ" ይላሉ፣ ይቀመጣሉ። ከዚያ ሁሉም ዓይን ዓይኗን እያዩ "ብዪ እንጂ፣ ብዪ እንጂ" ነው። ኧረ እንዴት ብላ ትብላ! ቤት ሙሉ ጾመኛ አፍሽን እያየ ቅቤ የነከረው ገንፎ እንዴት ይወርዳል?

እኔም አብሬያት እንዳልበላ የመጀመሪያ ፍልሰታዬ ነበር። ፍልሰታ የልጆች ጾም ነው፤ ጓደኞቼ ሁሉ ጀምረዋል፤ በመጨረሻው አብረን ልንቆርብ ነው። አንድ ቀን "እማዬ፣ እኔ ልብላልሽ?" ስላት ማንኪያውን ወደ ራሷ ሳበችው። "እንዳትነኪ! አንቺ እንኳ ቁረቢልኝ" አለች። ማንኪያውን ከሳበች በኋላ ግን መልሳ አስቀመጠችው።

እትዬ ዘሀራ የመጣችው የጤናዋ ልጅ ከሄደች በኋላ ነው። የእማማ ሙሚና ምራት ናት፤ ቤታቸው ከኛ ጋር በአንድ አጥር ይዋሰናል። ገና መዳህ ያልጀመረ ልጇን ሰዒድን አዝላ፣ ዝናቡን በጆንያ ተከልላ፣ እኩለ ቀን ላይ ገባች። እቴቴ እህል ልታስፈጭ ወጥታ ነበር። እትዬ ዘሀራ ወዲያ ወዲህ አየችና እናቴ የተኛችበት መደብ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

"ደብርዬ፣ ራበኝ" አለች። እናቴ ስሟ ደብሪቱ ነው። "ይሄ ልጅ ጠብቶ ጠብቶ ጨረሰኝ። ቤቴ ሁሉም ጾመኛ ነው፤ ብቻዬን መብላት አፈርኩ። እዚህ ካንቺ ጋር ብቀምስ ምን ትይኛለሽ?"

እናቴ ከወለደች ጀምራ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። "ውይ በሞትኩት! ምን እላለሁ? ትርንጎ፣ ያንን ገንፎ አምጪ፤ መጋረጃውን ዝጊ።"

እንግዳ ራበኝ ብሎ ቤትሽ ከገባ ብቻውን አይበላም፤ ባለቤት አብሮ መብላት አለበት። ይህን የማያውቅ ወሎዬ የለም። እናቴ ማንኪያ አነሳች። እትዬ ዘሀራ የመጀመሪያውን ስትጎርስ ፊቷን ክፉኛ አጨማደደችው፤ እኔ ትኩስ ሆኖባት ነው ብዬ አሰብኩ። ከዚያ አንዱን ማንኪያ ለራሷ፣ ሁለቱን ለእናቴ፤ "በሞቴ ይቺን!"፣ "ሰዒድን ይዘሻል ይቺን!"፣ "ካልጎረስሽ ወላሂ እነሳለሁ!" እያለች ሳህኑን አጋመሱት። ስትወጣ አገጬን ያዝ አደረገችኝና፣ "ትርንጎ፣ ለማንም ትንፍሽ እንዳትይ፣ እሺ?" አለችኝ።

እሺ አልኩ። ግን ተቃጠልኩ! ጾም በላ ናት ማለት ነው። በረመዳን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ መጋረጃ አዘግታ፣ ያውም የአራስ ገንፎ! በማግስቱም መጣች። በማግስቱም። ሳህኑ ባዶ ሲመለስ እያየሁ፣ "ለካ እናቴ የከሳችው ገንፎዋን ሰው እየበላባት ነው" አልኩ በሆዴ። እናቴ ሳትበላ የነበረው እትዬ ዘሀራ ከመምጣቷ በፊት መሆኑ ትዝ አላለኝም። የማየው የእትዬ ዘሀራን አፍ ብቻ ነበር። በጾም ጨጓራዬ እየጮኸ ያንን ቅቤ ማሽተት ምን እንደሆነ የጾመ ልጅ ያውቀዋል።

አንድ ቀን ዶሮ ላባርር በአጥሩ በኩል ሳልፍ እማማ ሙሚና ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ሙሰባቸውን፣ ያንን መቁጠሪያ፣ ሲቆጥሩ አገኘኋቸው። አልቻልኩም።

"እማማ ሙሚና፣ እትዬ ዘሀራ ጾም ትበላለች።"

እጃቸው ቆመ። "የት?"

"እኛ ቤት። የእናቴን ገንፎ ነው የምትበላው። ቀን በቀን!"

የሚቆጡ መስሎኝ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ። አሮጊቷ ግን ጥርስ በሌለው አፋቸው ፈገግ አሉ። "ቀን በቀን? እሰይ። እናትሽስ ትበላለች?"

"አዎ... አብራት ትበላለች።"

"ብዙ?"

አሰብኩ። ያን ጊዜ ነው የሳህኑን ሌላኛውን ወገን ያየሁት። የእናቴ ወገን ሁልጊዜ ቀድሞ ነበር የሚያልቀው። "ብዙ" አልኩ።

"አልሐምዱሊላህ" አሉ። "ሂጂና ብዪ ያልኳት እኔ ነኝ። እሷማ እያጠባችም ጹማ ልትጨርስ ነበር። ለምታጠባ አሏህ ፈቅዶላታል፤ የተፈቀደላትን ዛሬ ካልተጠቀመችበት መቼ ልትጠቀምበት ነው? አንቺ ደግሞ አፍሽን ሰብስቢ። እናትሽ ለኔ ተብሎ ነው ካለች እንደገና ማንኪያዋን ትጥላለች፤ ኩሩ ናት።"

አፌን ሰበሰብኩ። የገባኝ ግን ግማሹ ብቻ ነበር።

የጤናዋ ልጅ ስትመለስ ሕፃኑን መዘነችው፤ ሚዛኑን አየች፤ አወረደችና እንደገና መዘነችው። "እንዲህ ነው እንጂ!" አለች። እቴቴ እልልታዋን ለቀቀችው። እናቴ ልጁን ተቀብላ አቀፈችው፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አላዞረችም። ቁልቁል አየችው። "ግንባሩ የአባቱ ነው" አለች። አባቴ በር ላይ ቆሞ ነበርና ግንባሩን በእጁ ዳበስ ሲያደርግ ሁላችንም ሳቅን። እቴቴ ግን የአብሼ ውጤት ነው ብላ ለሰፈሩ አወራች፤ ማንም አልተከራከራትም። እኔ ራሴ ክንዴን እያየሁ እኮራ ነበር።

ፍልሰታ ተፈታ፤ እኔም ቆረብኩ። ረመዳንም አለቀ፤ ኢድ ሆነ። መስከረም ላይ ወንድሜ ክርስትና ተነሳና እቴቴ የሺ በቅሎዋን ጭና ወደ ከላላዋ ተመለሰች። ትምህርት ቤት ተከፈተ። አብሹ አለቀ፤ ሽታው ግን ከዩኒፎርሜ አልለቀቀም፤ ክፍል ውስጥ "አራስ፣ አራስ" እያሉ ሲጠሩኝ ከረሙ።

ጥቅምት ላይ እናቴ አዲስ አመል አመጣች። ከትምህርት ቤት እንደተመለስኩ አንድ ነገር በሳህን ትሰጠኝና፣ "ለዘሀራ አድርሺ፤ ስትቀምስ ሳታዪ እንዳትመለሺ" ትለኛለች። አንድ ቀን የገብስ ቆሎ፣ አንድ ቀን የባቄላ እሸት፣ አንድ ቀን ንፍሮ። እትዬ ዘሀራም ትቀበለኛለች፤ እፍኝ ዘግና አፏ ውስጥ ትጨምራለች፤ "እጇ ይባረክ በያት" ትለኛለች። ስመለስ እናቴ "ቀመሰች?" ብላ ትጠይቀኛለች። "ቀመሰች።" "እሺ።" በቃ። እኔ ግን ሰለቸኝ። "እማዬ፣ ጣፍጧት እንደሆነ ነው ሁልጊዜ የምትጠይቂኝ? ጣፍጧታል አልኩሽ አይደል!" አልኳት። "አንቺ ብቻ አድርሺ" አለችኝ።

አንድ ሰኞ ቀን ትኩስ ዳቦ ይዤ ሄድኩ። እትዬ ዘሀራ ዳቦውን አሽትታ ጨርቅ አልብሳ አስቀመጠችው።

"አትቀምሺም?" አልኳት።

"ጾመኛ ነኝ፣ የኔ እመቤት።"

"ምን ጾም? ረመዳን መች ነው ያለቀው!"

እማማ ሙሚና ከጓዳ ሆነው ሳቁ። "የበላችውን እያወጣች ነው። ቀዳ ይባላል፤ በረመዳን የጎደለሽን ቀን በሌላ ቀን ትተኪዋለሽ። ሰዒድ አሁን እህል ለምዷል፤ እሷም ሰኞና ሐሙስ እየጾመች ልትተካው ነው።"

"የትኛውን የበላችውን?"

"እንዴ! የእናትሽን ገንፎ ነዋ። አማቴ ዘንድ ከሰሽኝ የለ?" አለች እትዬ ዘሀራ፣ ጆሮዬን ቆንጠጥ አድርጋ።

ፊቴ እንደ በርበሬ ቀላ። ለካ እያንዳንዱ ሳህን አንድ አንድ ቀን ነበር። ለካ ያንን ሁሉ ቀን፣ ሰው እየበላ እየጠጣ፣ እሷ ብቻዋን ልትራብ ነው። ሮጬ ቤት ገባሁና ለእናቴ በአንድ ትንፋሽ ነገርኳት፤ ትደነግጣለች ብዬ ነበር። እሷ ግን የእጇን ሥራ አስቀምጣ ብድግ አለች።

"ጀመረች በይኛ!" አለች። "ሰኞ ነው ለካ።"

ያን ጊዜ ነው ቆሎው፣ እሸቱና ንፍሮው የገባኝ። እናቴ መቼ እንዳወቀች እስከ ዛሬ አላውቅም፤ አልጠየቅኳትም። ብቻ የምታወጣበትን ቀን ስትጠብቅ ነው የከረመችው። ዱቄቱን አወረደች፤ ውሃ ጣደች። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ አንድም ነገር አፏ ውስጥ አላስገባችም። "እማዬ፣ ምሳሽን ብዪ እንጂ" ስላት "አልራበኝም" አለች። ሆዷ ግን ሲጮህ ሰምቼዋለሁ።

ገንፎውን በደንብ አገነፋችው፤ ቅቤውን መሀሉ ላይ ሞላችው። ወንድሜን አዘለች፤ እኔ ማንኪያዎቹን ያዝኩ። የመግሪብ አዛን ሲሰማ በአጥሩ መሽሎኪያ አልፈን ገባን። እትዬ ዘሀራ ምድጃው ዳር ለብቻዋ ተቀምጣ፣ በአንድ እጇ ቴምር በሌላው ውሃ ይዛ ነበር። አማቷ አልጾሙም፤ ባሏ አልጾመም፤ ቤቱ በጊዜ እራቱን በልቶ ጨርሷል። እናቴ ሳህኑን ፊት ለፊቷ አስቀመጠችና አጠገቧ ቁጭ አለች።

"ዘሀርዬ፣ ራበኝ" አለች። "ይሄ ልጅ ጠብቶ ጠብቶ ጨረሰኝ። ቤቴ ሁሉም በልቷል፤ ብቻዬን መብላት አፈርኩ። እዚህ ካንቺ ጋር ብቀምስ ምን ትይኛለሽ?"

እትዬ ዘሀራ ቴምሩን እንደያዘች ፍዝዝ ብላ አየቻት። ከዚያ ሳቋ መጣ፤ ከሳቁ ጋር እንባዋም መጣ፤ በሻሿ ጫፍ ጠረገችው።

"ኧረ ደብርዬ!" አለች። "ኧረ እኔ ገንፎ አልወድም! ከልጅነቴ ጀምሮ ገንፎ ሲባል ያንገሸግሸኛል!"

እናቴ ከዳሩ ቆርሳ ቅቤው ውስጥ ነከረችና እጇን ዘረጋች።

"አውቃለሁ" አለች። "በሞቴ፣ ይቺን።"